ከሊኑክስ በፊት የሚነቃው፦ የአሮጌ ላፕቶፕ ባዮስ ቅንብር



በዚህ እትም የምንማማረው ብዙዎቻችን በየቀኑ ሳናየው ስለምናልፈው፣ ችግር ሲመጣ ብቻ ስለምናስታውሰው ነገር ነው፤ ላፕቶፓችን ሲበራ ከዊንዶውስም ሆነ ከሊኑክስ ቀድሞ ስለሚነቃው ፕሮግራምና በውስጡ ስላሉት ቅንብሮች። ርዕሱን ያመጣልን ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በዶርማችን ያሳለፍነው አንድ ሌሊት ነው። ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር።

አንድ ወንድማችን ተመርቆ ከወጣ ሲኒየር የተረከባት አሮጌ ላፕቶፕ አለችው። ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ባትሪዋ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ማጠፊያዋም ላልቷል። ሆኖም ሊኑክስ ሚንት ከተጫነባት ወዲህ ለኮድ፣ ለንባብና ለሪፖርት ጽሑፍ ምንም አልጎደላትም። ዊንዶውስም በጎን አለ፤ ለሴሚስተር ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበት የሰርኪዩት ፕሮግራም የሚሠራው በእሱ ላይ ብቻ ነውና። ፕሮጀክቱን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለሌላ ኮርስ በሊኑክስ በኩል ቨርቹዋልቦክስን ከፈተ። ፕሮግራሙ ግን የፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን በባዮስ ውስጥ ተዘግቷል ብሎ እምቢ አለ።

ከዒሻ ሰላት በኋላ ሦስት ሆነን ከበብናት። ባዮስ ውስጥ ገባን፣ የተዘጋውን አገኘነው። በዚያው ከፍተነው ብንወጣ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። ግን ከመካከላችን አንዱ፣ "እዚህ ከገባን አይቀር ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ቅንብር እንመልሰው፤ ሌላም ችግር ካለ ያስተካክለዋል" አለና "ሎድ ዲፎልትስ" የሚለውን ተጫነ። ቨርቹዋላይዜሽኑን ከፍተን፣ ሴቭ አድርገን ወጣን። ላፕቶፗ ስትመለስ ሊኑክስም የለም፣ ዊንዶውስም የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም።

ዶርሙ ጸጥ አለ። አንዱ ሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል አለ። ሌላው የሊኑክስ መጫኛ ፍላሹን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ "ፎርማት አድርገን እንደገና እንጫን፤ ፕሮጀክቱን በሁለት ቀን እናግዝህና ትሠራዋለህ" አለ። ባለቤቱ እጁን ኪቦርዷ ላይ ጫነና፣ "አምስት ሳምንት የሠራሁትን? ምን እንደሆነች ሳናውቅ ማንም አይነካትም" አለ። ያቺ እጅ ናት ፕሮጀክቱን ያዳነችው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ከሥሩ እንነሳ።

ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃው ምንድን ነው?

ላፕቶፕ ስናበራ ፕሮሰሰሩ ሀርድ ዲስክ መኖሩን እንኳ አያውቅም። መጀመሪያ የሚያነበው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የነበረው ዓይነት ባዮስ ሲሆን፣ እሱን የተካው ዩኢኤፍአይ ይባላል። የዩኢኤፍአይን ደንብ የሚያወጣው የኩባንያዎች ፎረም የተመሠረተው በ2005 ነው። በ2012 ዊንዶውስ 8 ከወጣ ወዲህ የተሸጡ ላፕቶፖች በአብዛኛው ዩኢኤፍአይ አላቸው። በንግግር ግን ሁለቱንም "ባዮስ" እንላቸዋለን፤ በዚህ ጽሑፍም እንደዚያው እንቀጥላለን።

ሥራው በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ ሜሞሪው፣ ኪቦርዱና ስክሪኑ መኖራቸውን ይፈትሻል። ሁለተኛ፣ ያስቀመጥንለትን ቅንብር ያነባል፤ የትኛው ክፍል ይከፈት፣ የትኛው ይዘጋ፣ ከየት ይነሳ የሚለውን። ሦስተኛ፣ የሚነሳበትን ዲስክ ፈልጎ እዚያ ላለው ማስነሻ ፕሮግራም ሥራውን ያስረክባል። በሚንትና በኡቡንቱ ይህ ማስነሻ ግሩብ ይባላል። ግሩብ ደግሞ የሊኑክሱን ከርነል ወደ ሜሞሪ ይጭናል። ከዚህ በኋላ ነው እኛ የምናውቀው ዴስክቶፕ የሚመጣው።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ቁም ነገር አለ፦ የባዮስ ቅንብር የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ላይ እንጂ በሀርድ ዲስኩ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሀርድ ዲስክ ፎርማት ማድረግ የተበላሸ የባዮስ ቅንብርን አያስተካክልም። በተገላቢጦሽም፣ የማስነሻ ወይም የቨርቹዋላይዜሽን ቅንብር መቀየር ፋይላችንን አያጠፋም። ዲስክ ማጥፊያ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበትን ምርጫ እስካልነካን ድረስ ፋይሉ ባለበት ነው። ላፕቶፑ መንገዱ ጠፍቶበት ነው እንጂ ቤቱ አልፈረሰም። በዚያች ሌሊት ይህን ስላላወቅን ቤቱን ራሳችን ልናፈርሰው ነበር።

ከመግባታችን በፊት

ቁርኣን ቤት የተማርን ሁላችን የሉሑን ደንብ እናስታውሳለን፤ የተጻፈው ሳይሐፈዝና ለኡስታዙ ሳይሰማ ሉሑ አይታጠብም። የባዮስም ደንብ ይኸው ነው። ቀድሞ የነበረውን ሳንይዝ አናጥበውም። በተግባር አራት ነገሮች እናድርግ።

አንደኛ፣ አስፈላጊ ፋይሎቻችንን ወደ ፍላሽ እንገልብጥ። ቅንብር ፋይል አያጠፋም ብለናል፤ ድንጋጤ ግን ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ባዮስ ውስጥ ገብተን ምንም ሳንነካ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ እናንሳ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ ሙሉ የፈጀብን ሥራ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቅንብር ብቻ እንቀይር። ሴቭ አድርገን እንውጣ፣ ሲነሳ እንይ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንለፍ። ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ተለዋዋጮችን አንድ ላይ ቀይረን ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ እንደማንችል ሁሉ እዚህም ያው ነው።

አራተኛ፣ ዊንዶውሱ ቢትሎከር በሚባለው የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉ በእጃችን መኖሩን እናረጋግጥ። የማስነሻ ቅንብር ሲቀየር ቢትሎከር ሌላ ሰው የገባ መስሎት ባለ 48 አኃዙን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል።

"ሎድ ዲፎልትስ" የሚለውንስ? ስሙ የዋህ ይመስላል። ትርጉሙ ግን "ቀደም ሲል ሰዎች አውቀው የቀየሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰርዝ" ማለት ነው። የተረከብነው ላፕቶፕ ላይ የቀድሞው ባለቤት ለሊኑክሱ ብሎ ያስተካከለው ነገር ሊኖር ይችላል። ሌላ አማራጭ ካላጣን በቀር አንጠቀመው።

እንዴት ይገባል?

ላፕቶፑ እንደበራ፣ የኩባንያው አርማ ከመጥፋቱ በፊት ቁልፉን ደጋግመን እንጫናለን። በዴል ላፕቶፖች ወደ ቅንብር የሚያስገባው ኤፍ 2 ሲሆን የማስነሻ ምርጫ የሚያመጣው ኤፍ 12 ነው። በኤችፒ ኤስኬፕን ስንጫን ሜኑ ይመጣል፤ ከዚያ ኤፍ 10 ወደ ቅንብር፣ ኤፍ 9 ወደ ማስነሻ ምርጫ ይወስዳል። በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1 ቅንብር፣ ኤፍ 12 የማስነሻ ምርጫ ነው። በሌሎች ደግሞ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የተለመዱ ናቸው።

ሁለት ነገር እንጨምር። ሊኑክሳችን በዩኢኤፍአይ የተጫነ ከሆነ በግሩብ ሜኑ መጨረሻ ላይ "ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ" የሚል መስመር ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እሱን ስንመርጥ ያለ ሩጫ በቀጥታ ያስገባናል። ሌላው፣ ፍላሽ ላይ ያለ ሊኑክስ ለመሞከር ብቻ ከሆነ የማስነሻውን ቅደም ተከተል መቀየር አያስፈልግም። የማስነሻ ምርጫውን ቁልፍ ተጭነን ፍላሹን ለዚያች አንዲት ጊዜ መምረጥ ይበቃል፤ በቅንብሩ ላይ የሚቀየር ነገር የለም።

የማስነሻው ዓይነት

እዚህ ላይ ነው የኛ የመጀመሪያው ቋጠሮ። አሮጌው አሠራር "ሌጋሲ" ይባላል። በዚህ አሠራር ባዮሱ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ እዚያ ላለው ትንሽ ፕሮግራም ሥራውን ያስረክባል። ዩኢኤፍአይ ግን በዲስኩ ላይ ለዚሁ የተመደበች ትንሽ ክፋይ ይፈልጋል፤ ማስነሻ ፕሮግራሙ እንደ ማንኛውም ፋይል እዚያ ተቀምጦ ያገኘዋል። ስለዚህ በሌጋሲ የተጫነ ሲስተም ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ብቻ ከተቀየረ አይገኝም። በተቃራኒውም እንደዚያው። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የሚፈለገው ግን በተሳሳተ በር ነው።

ሊኑክሳችን በየትኛው እንደተጫነ ማወቅ ቀላል ነው። የፋይል ማሳያውን ከፍተን ከሥሩ ካለው "ሲስ" ከሚባለው ፎልደር ውስጥ "ፈርምዌር" ወደሚለው እንግባ። በውስጡ "ኢኤፍአይ" የሚል ፎልደር ካለ የተነሳነው በዩኢኤፍአይ ነው፤ ከሌለ በሌጋሲ ነው። ሁለት ሲስተም አብረው እንዲኖሩ ከፈለግን ደግሞ ሁለተኛውን የመጀመሪያው በተጫነበት ዓይነት እንጫነው። አንዱ በሌጋሲ ሌላው በዩኢኤፍአይ ከሆነ ከግሩብ ሜኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም፤ በየጊዜው ባዮስ ውስጥ መግባት ይመጣል።

"ሴኪዩር ቡት" የሚባለውም ከዩኢኤፍአይ ጋር የመጣ ነው። ማስነሻ ፕሮግራሙ የታመነ ዲጂታል ፊርማ ከሌለው እንዳይነሳ ያደርጋል። ሊኑክስ ለመጫን ይህን መዝጋት ግዴታ ነው የሚል ወሬ በዶርም ይዞራል፤ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ እንዲሁም ዴቢያን ከ2019ኙ ዴቢያን 10 ጀምሮ ሴኪዩር ቡት እንደተከፈተ ይነሳሉ። ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከከርነሉ ውጭ ከሚመጡ ሞጁሎች ጋር ነው፤ እንደ ቨርቹዋልቦክስና እንደ አንዳንድ የዋይፋይ ድራይቨሮች። በመጫን ጊዜ የይለፍ ቃል አውጡ ብሎ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ በሰማያዊ ስክሪን መልሶ የሚጠይቀን ለዚሁ ፊርማ ነው። ያንን ስክሪን ዝም ብለን ካለፍነው ድራይቨሩ አይሠራም።

የዲስኩ አገናኝ

በቅንብሩ ውስጥ "ሳታ ሞድ" ወይም "ሳታ ኦፕሬሽን" የሚል እናገኛለን። ምርጫዎቹ ኤኤችሲአይ፣ ሬድ፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ አይዲኢ ናቸው። ባዮሱ ዲስኩን ለሲስተሙ በምን ቋንቋ እንደሚያስተዋውቀው የሚወስን ነው። ሊኑክስ ብዙ ድራይቨር ይዞ ስለሚነሳ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ ቢቀየርበትም ብዙ ጊዜ ይነሳል። ዊንዶውስ ግን ሲነሳ የሚያዘጋጀው የለመደውን ድራይቨር ነው፤ ሳይነገረው ከተቀየረበት ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይቆማል። በአዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ሬድ ላይ ከሆነ የሊኑክስ መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ያኔ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ግድ ይላል። ከመቀየራችን በፊት ግን ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ እንዘዘው፣ ከዚያ ባዮሱን እንቀይር። በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ አዲሱን ድራይቨር ይለምዳል፤ በኋላ ወደ ወትሮው እንመልሰዋለን።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ፍላሹ ወደ መሳቢያው ከተመለሰ በኋላ ባዮሱን እንደገና ከፍተን የመረጃውን ገጽ አየን። የሀርድ ዲስኩ ስምና መጠን እዚያ ተጽፏል። ባዮሱ ዲስኩን በስሙ ከጠራው ዲስኩ ይሰማል ማለት ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ተነፈስን። ከብዙ መላምት በኋላ ማስነሻውን ከዩኢኤፍአይ ወደ ሌጋሲ ስንመልሰው ግሩብ ብቅ አለ፤ ሊኑክስ ተነሳ። ሌላ ነገር ከመሞከራችን በፊት ከሊኑክስ በኩል የዊንዶውሱን ክፋይ ከፍተን ፕሮጀክቱን ወደ ፍላሽ ገለበጥን። አምስት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ነበር። ወንድማችን አልሐምዱሊላህ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ።

ዊንዶውሱ ግን አሁንም ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። ለምን እንደሆነ የገባን "ሎድ ዲፎልትስ" አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር እንደቀየረ ስንረዳ ነው። የሳታ ቅንብሩም ከኤኤችሲአይ ወደ ሬድ ተመልሶ ነበር። እሱን መለስነው፣ ዊንዶውስም ተነሳ። የሱብሒ አዛን ሲሰማ ጨርሰን ነበር። የጠፋ አንድም ፋይል አልነበረም፤ የጠፋው እንቅልፋችን ነው።

ቨርቹዋላይዜሽን

ሁሉ ነገር የተጀመረበት ቅንብር ከሁሉም ቀላሉ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቪቲ-ኤክስ ወይም "ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ"፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤስቪኤም ይባላል። በቨርቹዋልቦክስ ባለ 64 ቢት ሲስተም ለማስነሳትና የአንድሮይድ ማስመሰያዎችን በደህና ፍጥነት ለመጠቀም ያስፈልጋል። መክፈቱ የተጫነውን ሲስተም አይረብሽም። ከፍተነው ካልሠራ ሪስታርት ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን እናብራው፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ለውጡን የሚቀበሉት እንደዚያ ነው።

ሰዓቱና የሰላት ወቅት

ብዙዎቻችን በላፕቶፕ ላይ የአዛን ፕሮግራም ስለጫንን ይህ ክፍል በተለይ ይመለከተናል። በማዘርቦርዱ ላይ ላፕቶፑ ቢጠፋም የሚቆጥር ሰዓት አለ። ዊንዶውስ ይህን ሰዓት የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ሊኑክስ ግን በአብዛኛው የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት አድርጎ ያነበውና የአገሩን ልዩነት ራሱ ይደምርበታል። ኢትዮጵያ ከዚያ መነሻ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ሁለቱ ባሉበት ላፕቶፕ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስንሻገር ሰዓቱ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ዊንዶውሱ 9 ሰዓት ተኩል ይላል፤ የመግሪብ አዛንም 3 ሰዓት ዘግይቶ ይጮኻል። በዊንዶውስ ካስተካከልነው ደግሞ ወደ ሊኑክስ ስንመለስ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በረመዳን ይህ ያለ ጊዜው ሊያስፈጥር ይችላል።

ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን ደጋግሞ ማስተካከል መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለቱ ሲስተሞች ተራ በተራ ያበላሹታልና። መፍትሔው ሁለቱን ማስማማት ነው። ቀላሉ ሊኑክስን የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት እንዲያነብ ማዘዝ ነው። በተርሚናል "ታይምዴትሲቲኤል" የሚባለው ትዕዛዝ "ሎካል አርቲሲ" የሚል ቅንብር አለው፤ እሱን 1 ማድረግ ይበቃል። ይህ መንገድ በየዓመቱ በጋና ክረምት ሰዓት በሚቀይሩ አገሮች ችግር አለው። በእኛ አገር ሰዓት ስለማይቀየር ያን ያህል አያሳስብም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ላፕቶፑን ከመስጊዱ አዛን ጋር እያመሳከርን እንጠቀም።

የሰዓቱ ስህተት 3 ሰዓት ሳይሆን ዓመታት ከሆነስ? ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለን ስናበራው ዓመቱ ወደ ኋላ ከሄደ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። በላፕቶፕ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ባለ ሁለት ሽቦ መሰኪያ ሊኖራት ስለሚችል ከመግዛታችን በፊት ከፍተን እንያት። ምልክቱ በብራውዘርም ይታያል። ድረ ገጾች ሁሉ የደህንነት ማስጠንቀቂያ እያሳዩ እምቢ ካሉ ኢንተርኔቱን ከመውቀሳችን በፊት ቀኑን እንመልከት። የድረ ገጾች ሰርተፍኬት የሚጸናው በተወሰነ ቀን መካከል ስለሆነ ወደ ኋላ የቀረ ላፕቶፕ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ባትሪዋ ስትሞት የባዮሱ ቅንብርም አብሮ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ያን ጊዜ ማንም ሳይነካው የእኛ ሌሊት በእናንተም ላይ ሊደርስ ይችላል።

የይለፍ ቃልና አማና

ባዮስ ውስጥ ሦስት ዓይነት የይለፍ ቃል እናገኛለን፤ ልዩነታቸውን ሳናውቅ አናስገባ። አንዱ ላፕቶፑ ሲበራ የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው ወደ ቅንብሩ መግባትን የሚቆልፈው፣ "ሱፐርቫይዘር" ወይም "አድሚን" የሚባለው ነው። ሦስተኛው ሀርድ ዲስኩን ራሱን የሚቆልፍ ነው። ሦስተኛው ከተረሳ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ላፕቶፕ ላይ መግጠምም አያድንም። ሁለተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው ትንሿን ባትሪ ነቅሎ መመለስ ያጠፋዋል ይላል። በአሮጌ ዴስክቶፖች ይሠራ ነበር። ለመሥሪያ ቤት ተብለው በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ግን የይለፍ ቃሉ ባትሪ በማያስፈልገው ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይጠፋም።

በግቢያችን ላፕቶፕ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ይተላለፋል፤ አንዳንዱ በሽያጭ፣ አንዳንዱ በስጦታ። ስለዚህ ተመራቂ እህትና ወንድሞች፣ ላፕቶፑን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን የይለፍ ቃሎች አንሱ። ተረካቢዎችም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባዮሱን ከፍታችሁ አንዱን ቅንብር መቀየር መቻላችሁን እዩ፤ ሳትቀይሩትም ሴቭ ሳታደርጉ ውጡ። የሰው ላፕቶፕ ለማስተካከል የምንቀመጥ ደግሞ ንብረቱም ውስጡ ያለው ሥራም አማና መሆኑን አንርሳ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ፎርማት የሚለው ቃል ከአፋችን መውጣት የለበትም።

ፈርምዌሩን ራሱን ማደስ

ቅንብር መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ፈርምዌሩን በአዲስ መተካት ሌላ ነው። ቅንብር ከተሳሳተ ይመለሳል። ፈርምዌር እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ግን ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቺፑን በልዩ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ዶርም፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ይህን መሞከር አይገባም። ጥሩ ምክንያት ካለን፣ ለምሳሌ ኩባንያው የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን እትም ካወጣ፣ የሚሠራ ባትሪ ሞልተን ቻርጀሩንም ሰክተን፣ ለዚያው ሞዴል ከኩባንያው በቀጥታ የወጣውን ብቻ እንጠቀም። ያለ ምክንያት ግን አዲስ ስለሆነ ብቻ አንቀይረው።

እንደ ማጠቃለያ

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን ለብዙዎቻችን የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የአቅም ጉዳይ ነው። አዲስ የሚገዛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያለችንን ማወቅና መንከባከብ አለብን። ላፕቶፕ አልነሳ ሲል ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ እጃችንን እንሰብስብ፤ ቀጥሎ ባዮሱ ዲስኩን በስሙ ይጠራው እንደሆነ እንይ፤ ከዚያ የማስነሻውን ዓይነት፣ ቀጥሎ የሳታውን ቅንብር ከፎቷችን ጋር እናመሳክር፤ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፋይላችንን እንገልብጥ። ፎርማት የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

ወንድማችን ፕሮጀክቱን በቀኑ አስረክቧል። ያቺ ላፕቶፕ ዛሬም በመካከላችን ትሠራለች። ከሥሯ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፤ የማስነሻው ዓይነት ሌጋሲ፣ ሳታው ኤኤችሲአይ፣ ቨርቹዋላይዜሽኑ ክፍት፣ የይለፍ ቃል የለም የሚል በእስክሪብቶ ተጽፎባታል። ሲመረቅ ለሚቀጥለው ወንድም ከነወረቀቷ ያስረክባታል፣ ኢንሻአላህ። እናንተም ዛሬ ማታ ላፕቶፓችሁ ጤነኛ ሳለች ሦስት ደቂቃ ወስዳችሁ ቅንብሯን ፎቶ አንሱ።